ሠላሳ አንድ ደብተርና አንድ መስመር፦ የአቶ ዋሴ ቢያዝን የሕይወት ታሪክ (1908 – 1964 ዓ.ም)

አቶ ዋሴ ቢያዝን ከአባታቸው ከአቶ ቢያዝን ወልደ ዮሐንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንኳየሁ ውድነህ፣ በወገራ አውራጃ ከአምባ ጊዮርጊስ ከፍ ብላ በምትገኝ መንደር፣ ጥቅምት 17 ቀን 1908 ዓ.ም ተወለዱ። ቀኑን እንዲህ አስረግጠን የምንናገረው እርሳቸው ስላስረገጡት ነው። እናታቸው «ገብሱ ሲያሸት ነው የወለድኩህ» ከማለት በቀር ሌላ አያውቁም ነበር። አያ ዋሴ ግን ካደጉ በኋላ የክርስትና አባታቸውን፣ ያጠመቋቸውን ቄስና በዚያው ሳምንት ላማቸው የወለደችላቸውን ጎረቤት አንድ ባንድ ጠይቀው፣ የሦስቱን ቃል አመሳክረው ቀኑን ቆረጡት። ሳይጻፍ የቀረ ነገር እንቅልፍ የሚነሣቸው ሰው ነበሩ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ዳዊት ደገሙ። ከዚያም ዜማ ጀምረው ነበር፤ ድምፃቸውን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የኔታ አንድ ክረምት ከታገሡ በኋላ «ዋሴ ልጄ፥ አንተስ ብትጽፍ ለሁላችንም ሸጋ ነው» ብለው ወደ ቁም ጽሕፈት አዛወሯቸው። ያ የተማሩት የብዕር አጣጣል እስከ መጨረሻው አልተለያቸውም።

በወረራው ዘመን አባታቸውን በማጣታቸው የእናታቸውን ቤት ደግፈው ቆዩ። ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም መጨረሻ ወደ ጎንደር ከተማ መጥተው በአራዳ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኑ። በ1937 ዓ.ም ከወይዘሮ እማዋይሽ ሐብተ ማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው፣ በ1940 ዓ.ም ልጃቸውን ወይዘሮ ሽታዬን ወለዱ። በ1947 ዓ.ም በጤና ኮሌጁ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ተቀጠሩ፤ በዚህም ሥራ አሥራ ሰባት ዓመት አንዲት ባልዲ ሳትጎድልባቸው አገለገሉ።

እዚያው ሳሉ አንድ ከአሜሪካ የመጣ መምህር ቤዝቦል የሚባለውን የአገሩን ጨዋታ አሳያቸው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በዱላ ይመታና አራት ማዕዘን ዞሮ ወደ ተነሣበት ለመድረስ ይሮጣል። አያ ዋሴ ወደ ቤት መጥተው ይህን ሲያስረዱ፣ ወይዘሮ እማዋይሽ «ከተነሣበት ሊመለስ ምን አስሮጠው?» አሏቸው። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አልተገኘም። መምህሩ አንድ ቀን ሜዳ አቁሟቸው ኳሷን እንዲቀልቡ ቢወረውርላቸው፣ አያ ዋሴ በግራ ዓይናቸው ቀለቧት። ሁለት ሳምንት አብጦ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ኳስ የሚባል ነገር በእጃቸው አልነኩም።

ሆኖም ጨዋታው ከልባቸው ገብቶ ነበር። መምህሩ በ1950 ዓ.ም ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በስድስት ገጻቸው ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለባቸውን ሁለት ትንንሽ የአጥንት ጠጠሮች ሰጣቸው፤ ያለ ሜዳና ያለ ኳስ እንዴት እንደሚጫወቱባቸውም አስተማራቸው። ጠጠሮቹ ይጣላሉ፣ ነጥቡ ይደመራል፣ ከዚያ በሠንጠረዥ ላይ የድምሩን መስመር ፈልጎ መቺው ምን እንዳደረገ ማንበብ ነው። አያ ዋሴ ሠንጠረዡን በማስመሪያ አስምረው፣ በቁም ጽሕፈት ጻፉትና ከሚቀጥለው መስቀል ማግሥት «የበጌምድርና ሰሜን የቤዝቦል ውድድር» ብለው ጀመሩ። አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ፣ ጭልጋ፣ ጎርጎራ፣ አዘዞ፣ ማራኪና አራዳ እያንዳንዳቸው ቡድን ነበራቸው። በእነዚህ ስምንት ቦታዎች ቤዝቦል የተጫወተ አንድም ሰው እንዳልነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ተጫዋቾቹን በሙሉ የፈጠሯቸው እርሳቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ የአባት ስም፣ የክርስትና ስም፣ ደብርና የትውልድ ዘመን ሰጥተው፣ መቼ እንደ ገባ፣ ስንት እንደ መታ፣ መቼ እግሩን እንደ ታመመና መቼ ከጨዋታ እንዳረፈ በየዓመቱ በደብተር ጻፉላቸው። ሕጋቸው ሁለት ነበር፦ ማንም ተጫዋች ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ አይጫወትም፤ የወደቀ ጠጠርም አይነሣም።

ውድድሩ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በግቢያቸው ይካሄድ ነበር። መጀመሪያ ስቀን የመጣን ሁሉ በሦስተኛው እሑድ ተከፋፍለን መጯጯህ ጀመርን። ወሬው በከተማው በተሰማ ጊዜ ከጭልጋ የመጡ አንዲት እናት ነጭ ዶሮ ይዘው ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። «አያ፥ ጠጠር ይጥላሉ ሲሉ ሰምቼ ነው። በቅሎዬ ጠፋችብኝ፤ ወዴት ገባች?» አሏቸው። አያ ዋሴ ክው ብለው፣ «እናቴ፥ እኔ የማውቀው ጎርጎራ ስንት እንዳገባ ብቻ ነው» ሲሉ፣ ወይዘሮ እማዋይሽ ከወዲያ «ከብት ተራ አይተዋል?» ብለው ጠየቁ። በቅሎዋ ከከብት ተራ ተገኘች። በሳምንቱ ሦስት ሰው ዶሮ ይዞ መጣ። ነገሩ ያሳሰባቸው የንስሐ አባታቸው መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ሊገሥጿቸው አንድ እሑድ መጥተው ተቀመጡ። ጠጠሩን አዩ፣ ሠንጠረዡን አዩ፣ ጥንቆላ እንዳልሆነም አረጋገጡ። ሊሄዱ ሲነሡ ግን «ለመሆኑ ለዳባት በሚመጣው እሑድ የሚወረውርለት ማነው?» ብለው ጠየቁ።

ከተጫዋቾቹ ሁሉ የሚወደደው ክንዱ በላቸው ነበር። ክንዱ በ1953 ዓ.ም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ለአምባ ጊዮርጊስ ወርዋሪ ሆኖ ገባ። አያ ዋሴ ለሁሉም እኩል ነኝ ይሉ ነበር፤ ነገር ግን የትውልድ አገራቸው ተራ ሲደርስ ጠጠሮቹን በመዳፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆይተው እንደሚጥሉ ያላየ የለም። አምባ ጊዮርጊስ በእነዚያ ዓመታት አምስት ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። አንደኛ ግን አልወጣም። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው አቶ አድማሴ፣ ከአያ ዋሴ ይልቅ ለአምባ ጊዮርጊስ የሚቃጠሉ፣ «አያ ዋሴ፥ ጠጠሩ በእጅዎ፣ ብዕሩ በእጅዎ፤ አንዴ ቢያዘነብሉት ማን ያያል?» ይሏቸው ነበር። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አድማሴ፥ እኔ አያለሁ።»

በጥር 1957 ዓ.ም ክፉ ነገር ተፈጠረ። አምባ ጊዮርጊስ አንደኛ ሆኖ እየመራ ሳለ ክንዱ ሲወረውር ጠጠሮቹ ሁለት ጊዜ ተከታትለው ስድስት ስድስት ወጡ። በሕጋቸው ይህ ሲሆን የጠብ ሠንጠረዥ ይከፈታል። አያ ዋሴ እንደገና ጣሉ፤ መስመሩን በጣታቸው ተከትለው አነበቡ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «ክንዱ ዳኛውን በጡጫ መታ። ሦስት ዓመት ታገደ» አሉ። ግቢው ለቅሶ ቤት መሰለ። አድማሴ መርፌ እንደ ወጋቸው ብድግ ብለው «ክንዱ? እንደሱ ያለ ጨዋ? ምነው!» አሉ።

በማግሥቱ ሽማግሌ ተላከ። መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ አድማሴ ትልቅ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ከኋላ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ከጎን ሆነው ለክንዱ በላቸው ምሕረት ሊለምኑ መጡ። አያ ዋሴ በሕይወታቸው ሽማግሌ መልሰው አያውቁም። የዚያን ቀን ግን «አባቴ፥ ድንጋዩን ያውርዱልኝ። የበደለኝ ሰው ቢሆን ይቅር እል ነበር። ይህ ግን ወድቆ የተጻፈ ነው፤ ዛሬ ለክንዱ ካነሣሁት፣ ለሌላው የጻፍኩት ሁሉ ሐሰት ይሆናል» ብለው መለሷቸው። ሽማግሌዎቹ ቅር ተሰኝተው ወጡ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ግቢው ጭር አለ። አያ ዋሴ ብቻቸውን እየጣሉ፣ ብቻቸውን እየጻፉ ዓመቱን ጨረሱት። አምባ ጊዮርጊስ በአንድ ጨዋታ ተበልጦ ዋንጫውን ደባርቅ ወሰደ።

በፍልሰታ ጾም፣ እንደ ልማዳቸው የዓመቱን መዝገብ ወደ ንጹሕ ደብተር ሲገለብጡ፣ ከክንዱ ስም ላይ ቆሙ። የወደቀው ጠጠር በዕለቱ ተጽፏል፤ አምስትና ስድስት፣ አሥራ አንድ። በጠብ ሠንጠረዡ ላይ የአሥራ አንድ መስመር «ከዳኛ ጋር ተነታረከ፤ ሦስት ጨዋታ ይቀመጣል» ይላል። ዳኛ የሚመታው አሥራ ሁለት ነው። ጣታቸው አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ነበር። ሠንጠረዡን ያሰመሩት እርሳቸው፣ መስመሮቹን ያጠጋጉት እርሳቸው፣ ያነበቡት እርሳቸው ናቸው። ከእርሳቸው በቀር ይህን የሚያውቅ አንድም ነፍስ አልነበረም። ያን ደብተር ዘግተው ቢያስቀምጡት ዛሬም አናውቅም ነበር።

በመስከረም 1958 ዓ.ም የጽዋ ማኅበራችን ተራ በአድማሴ ቤት ነበር። ጸሎቱ ተደርጎ እንደ ተቀመጥን በሩ ተከፈተና አያ ዋሴ ገቡ። በማጅራታቸው ላይ አድማሴ በጥር ተሸክመውት የነበረው ያው ድንጋይ አለ። የኃምሳ ዓመት ሰው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ጎንበስ ብለው፣ «ክንዱ ዳኛ አልመታም። እኔ ነኝ የመታሁት። ስሙን አጥፍቻለሁ፣ እናንተንም አስቀይሜያለሁ፤ ይቅር በሉኝ» አሉ። መጀመሪያ የሳቁት መምሬ ናቸው። ቀጥሎ አድማሴ ተነሥተው ድንጋዩን አወረዱና፣ «ከባድ ነው አይደል? እኔ ከዚህ እስከ ደጅዎ ነው የተሸከምኩት» ብለው ጉንጫቸውን ሳሟቸው።

ስሕተቱን ግን አልፋቁትም። ሁለተኛ ሐሰት ይሆናል ብለው፣ የድሮውን መስመር እንዳለ ትተው ከሥሩ በቀይ ቀለም «ስሕተቱ የጸሐፊው ነው» ብለው ጻፉ። ክንዱ በዚያው ዓመት ተመለሰ፤ የደባርቅ ዋንጫ ግን እዚያው ደባርቅ ቀረ። እሑዳችንም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ መስመሩን አንድ ሰው ሲያነብ ሌላው በጣቱ እንዲከተል ተደነገገ፤ ተከታይዋም ወይዘሮ እማዋይሽ ሆኑ። ፊደል ያልቆጠሩት ወይዘሮ እማዋይሽ በተጫዋቾቹ ስም ማንበብ ለመዱ። «ክ»ን ከክንዱ፣ «ጎ»ን ከጎርጎራ አወቁ። ለመጻፍ ግን እጄ ያፍራል ይሉ ነበር።

አያ ዋሴ በጥር 1964 ዓ.ም በጉበት ሕመም ተይዘው ሲታከሙ ቆይተው፣ በሚያዝያ ሆስፒታል ገቡ። የክንዱ በላቸው አሥራ ሁለተኛና መጨረሻ ዓመቱም ይኸው ነበር። እግዚአብሔር ሲያጫውተን፣ ግንቦት 13 ቀን እሑድ አምባ ጊዮርጊስና ደባርቅ እኩል ሆነው አንድ ጨዋታ ቀራቸው። ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። አያ ዋሴ እጃቸው ጠጠር መያዝ ስለተሳነው ጠጠሩ የሚጣልበት ትሪ በሆስፒታሉ አልጋ ላይ ተቀመጠና ወይዘሮ እማዋይሽ ጣሉ። ክንዱ እስከ መጨረሻው እኩል ይዞ ቆየ። የመጨረሻው ጠጠር ሲወድቅ ወይዘሮ እማዋይሽ መስመሩን በጣታቸው ፈለጉ፤ ተመልሰው ደግሞ ፈለጉ። አድማሴ ከራስጌ ቆመው፣ አያ ዋሴ በማያዩበት በኩል፣ በዓይናቸው «አሸነፈ ይበሏቸው» እያሉ ይለምኗቸዋል። መምሬ እንኳ አቀርቅረዋል፤ እርሳቸውም ያንኑ ሳይመኙ አልቀሩም።

ወይዘሮ እማዋይሽ ባለቤታቸውን አዩ። «አንቱ፥ ክንዱ ተሸነፈ» አሉ።

«ስንት ለስንት?»

«አራት ለሦስት።»

«መስመሩን አይተሽዋል?»

«ሁለት ጊዜ።»

አያ ዋሴ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ጻፊው» አሏቸው። ወይዘሮ እማዋይሽ ብዕሩን ተቀበሉ። ፊደሎቹ ጎንበስ ቀና ያሉ፣ አንዱ ከመስመር የወጣ፣ ሌላው የተንጋደደ ቢሆንም ይነበባሉ፦ «ደባርቅ 4 አምባ ጊዮርጊስ 3። ክንዱ በላቸው በክብር አረፈ።» አያ ዋሴ ደብተሩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አነበቡት። «ሸጋ ነው፤ አንድም ስሕተት የለበት» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ውድድሩ አልተናገሩም። ግንቦት 16 ቀን 1964 ዓ.ም በተወለዱ በኃምሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ቆርበው፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው በተገኙበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ዋሴ ቢያዝን ባለቤታቸውን ወይዘሮ እማዋይሽ ሐብተ ማርያምን፣ በደባርቅ መምህርት የሆኑትን ልጃቸውን ወይዘሮ ሽታዬ ዋሴን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ ሠላሳ አንድ ደብተርና በእሑድ ከሰዓት በኋላ የት እንደምንሄድ ግራ የገባን እኛን ጎረቤቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ልጃቸው በደባርቅ ማስተማራቸው ለውጤቱ ምክንያት እንዳልሆነ አቶ አድማሴ በዛሬው ዕለት አምነው ተቀብለዋል። ያልነበሩ ሰዎችን ስም እንኳ በሐሰት ላለማጉደፍ ድንጋይ የተሸከመ ሰው ጎረቤታችን ስለነበረ፣ እኛ በእውነት ያለነው ምን ያህል በአደራው ተጠብቀን እንደ ኖርን ዛሬ እናውቃለን። ስለዚህም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

ለቀብር ለመጣችሁ፣ ለቤተሰቡም ላጽናናችሁ ሁሉ እርሱ ብድራችሁን ይክፈል። የወንድማችንን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጎን ያኑርልን። ስማቸውንም በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን፤ በዚያ መጽሐፍ መስመር የሚያስት ጣት የለምና፣ አያ ዋሴ ሳያመሳክሩ ይረፉ። አሜን።