ከጆንያው መሃል የሚጀምር ሙቀት

አባኮ፣ አባቴ፣

ከተለያየን ሁለተኛው የቡና ለቀማ ሊያልቅ ነው። ሰላምታዬን በወግ ሳልጨርስ አንድ ኀፍረቴን ልንገርህ፤ የጋዜጣ ዓምዴ አንባቢዎችም ይስሙት፣ ከነሱ የደበቅኩት ገመና የለኝም። ባለፈው ማክሰኞ እዚህ ጅማ ሆስፒታል፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ዶክተር፣ ሻጋታውን ፈልጉልኝ! ከመሃል ነው የሚጀምረው!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አዳዳ ዘይነባ፣ ያቺ ታናሽ እህትህ፣ ሻሿን እያስተካከለች «አንቺ ልጅ፣ እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ?» አለችኝ።

ጥፋቱ ያንተ ነው። አጋሮ መጋዘንህ ውስጥ እጅጌህን ጠቅልለህ ክንድህን እስከ ክርንህ ጆንያው ውስጥ ስትሰድ ዛሬም ይታየኛል። እኔም እከተልሃለሁ፤ የኔ ክንድ እስከ ብብቴ ይገባ ነበር። «ከላይማ ሁሉም ቡና ሸጋ ነው፤ መሃሉ ከሞቀ ግን ሳምንት ሳይሞላው ይሻግታል» ትለኝ ነበር። ከዚያ እፍኝ አውጥተህ ታሸትና፣ ነጋዴው መሐላውን ሳይጨርስ «መልሰህ አስጣው» ትለዋለህ። ስንቱን አስኮርፈሃል!

የራስህን ሙቀት ግን ደበቅከን። ለደም ካንሰሩ ኬሞ ስትጀምር «ትንሽ ትኩሳት ከተሰማህ ሳታድር ና» ተብለህ ነበር። አንተ «የመንገድ ድካም ነው» እያልክ ሳምንት አሳለፍክ። እኔ ደግሞ የባሰውን ሠራሁ፤ ደስ እንዲልህ ብዬ፣ መጋዘን ውስጥ የተጠረጠረ ቡና በላስቲክ ቋጥሬ አልጋህ ድረስ አመጣሁልህ። አሸተትከው። «ሻግቷል» ስትል ፊትህ በራ። መድኃኒቱ መከላከያህን አድክሞት ሳለ የሻጋታ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ እንደሚበቅል ከየት አውቄ! መጀመሪያ ቲቢ ነው ተብሎ ታከምክ፤ ፈንገስ መሆኑ ሲታወቅ ረፍዶ ነበር። ሐኪሙ «ብናኙ የትም አለ፣ በዚያ እፍኝ ቡና ነው ማለት አይቻልም» ብሎኛል። ግማሹን አምኜዋለሁ።

ስለ ቤት ብትጠይቅ፣ መጋዘኑን አከራየነው፤ ሚዛንህ ላይ የጎረቤት ድመት ትተኛለች። አዳዳ ዘይነባ የልጇ ኩላሊት ተተክሎላታል፤ ሰውነቷ እንዳይገፋው መከላከያዋን የሚያደክም መድኃኒት ትወስዳለች። መደበቅ ላይ ግን ያው ያንተ እህት ናት፤ ሳሏን በሻሿ እያፈነች ቡና ስትለቅም አገኘኋት። ግንባሯ ምንም አይልም። እጄን በአንገቷ በኩል ወደ ጀርባዋ ሰደድኩ፤ ይፋጃል። እየተሳደበች ሚኒባስ ውስጥ አስገብቼ፣ ያ ሁሉ ሰው ወደሳቀብኝ ወረፋ አመጣኋት።

ሐኪሙ ብቻ አልሳቀም። የሻገተ ቡና ትለቅም እንደሆነ ጠየቃት፤ ሲቲ ስካን አዘዘ፤ የአክታና የደም ናሙናዋ አዲስ አበባ ተላከ። ሳንባዋ ላይ ያየው ስላላማረው ውጤቱን ሳይጠብቅ የፈንገስ መድኃኒት ጀመረላት። «በጊዜ መጣችሁ» አለን። ይቺን ቃል ላንተ ስንት ቀን ጠብቄያት ነበር! ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል ተብለናል። አዳዳ ከየሶላቷ በኋላ ቴርሞሜትር ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ታነብልናለች፤ ኢንሻአላህ ዕድሜ ልኳን ታሰልቸን። ደግም ሆነ ክፉ፣ ለአንባቢዎቼ ከመጻፌ በፊት አጋሮ መቃብርህ ድረስ መጥቼ እነግርሃለሁ። ገለባ የተጣበቀበት ክንድህን ግን መቼም አልረሳው፤ እስከ ሐሙስ እኔም እጅጌዬን እንደጠቀለልኩ ነኝ።