የእናታችን ድሪቶ ኤግዚቢሽን ወጣ

ለውድ እህቴ ለፍቅርተማርያም፣ ድሬዳዋ

ከአቃቂ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ።

እናታችን ከልጅነት ቀሚሶቻችን የሰፋችውን ድሪቶ ይዤ ሳሪስ የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን ላይ ቀረብኩ። ከጎኔ የተሰቀለውን ጥንታዊ የወሎ ድሪቶ ስዳብስ ባለቤቱ ነዒማ፣ «እማማ፣ ዓይንዎ ጣትዎ ላይ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

«ስፌት የሚመረመረው በእጅ ነው» አልኳት። ጥቁሩን ጨርቅ ሳደንቅላት ግን፣ «ኧረ ሰማያዊ ነው!» አለች። የአዳራሹ መብራት ደካማ ነበር።

የጀመርኩልሽ ድሪቶ ለፋሲካ ላይደርስ ይችላል፤ የዘንድሮ መርፌ ሠሪዎች ቀዳዳ መብሳት አያውቁም። የጽሑፌ መስመር ከተጣመመም ወረቀቱን ውቀሺ። ፎቶ አትላኪልኝ፤ ከምትወጂው ቀሚስሽ ቁራጭ ላኪልኝ፣ ስትናፍቂኝ እዳብሰዋለሁ።

ቤተሰቡን ሁሉ ሳሚልኝ። ደግሞ በዓሉን ሳትጠብቂ ነይ፤ መልክሽን በደንብ ልየው።

እህትሽ ብዙወርቅ