አባባ አልሞቱም ብዬ እንዴት ላሳምንህ

ይድረስ ለምሳሳለት ወንድሜ ለተሻገር ቀለመ ወርቅ፣ ጂንካ።

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ? ያ ወገቤን ያዘኝ ስትል የነበረው ተሻለህ? የቆላው ሙቀት ተስማማህ ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳሃል? አብረውህ የሚኖሩት ልጆችስ ደህና ናቸው?

እዚህ ላይ በደንቡ «እኛ ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ግን «ደህና ነን» ባልሁህ ቁጥር ታለቅሳለህ፤ ስለዚህ በምን እንደምጀምር ግራ ገባኝ። እንደመጣልኝ ልጻፈው። አባታችን መሪጌታ ቀለመ ወርቅ አልሞቱም። አልታመሙም። ይህን ስጽፍልህ እንኳ ደጅ ቆመው «ጭቃው ቀጥኗል፣ ጭድ ጨምርበት» እያሉ ባሌን ክንዱን ይቆጡታል።

ነገሩ የመጣው ከጣሪያው ነው። ቆርቆሮው ዝጎ ዝጎ ባለፈው ክረምት እማማ ያላት ድስትና ባልዲ ሁሉ ወለሉ ላይ ተደርድሮ ነበር። እህሉ ተወቅቶ ከገባ በኋላ ክንዱ ከአርብ ገበያ አዲስ ቆርቆሮ አመጣ። አሮጌው ሲነሳ ማገሩ ነቅዞ ተገኘ፤ ማገሩ ሲነካ ደግሞ የጓሮው ግድግዳ ተናደ። አንድ ቀን ይፈጃል ያልነው ሥራ ቤቱን እንዳለ አፍርሶ ቁጭ አለ። ምን እናድርግ? ደቦ ጠራን። እህሉንና ዕቃውን የምናስጠልልበት ስላጣን የእድሩን ድንኳን ከሚጠብቀው ከአያ ማሩ ለምነን ግቢው መሐል ተከልነው። እማማ «ሰው ሳይሞት የለቅሶ ድንኳን አይተከልም፣ ደግ አይደለም» ብላ ነበር። አባባ «ሸራ ነው፣ ምን ያውቃል» ብለው ሳቁባት።

የጎረቤታችን ልጅ ትርሲት አዲስ ስልክ ይዛለች። የበላነውንም የጠጣነውንም ቴሌግራም ላይ ሳታወጣ አትውልም። የዚያን ቀን ድንኳኑን፣ ከሥሩም ጋቢያቸውን ደርበው ምሳ የሚጠብቁትን ሽማግሌዎች አንስታ «የቤተ ልሔም አብሮ አደጎች» በሚለው ግሩፓችን ላይ «ዛሬ እነ መሪጌታ ግቢ» ብላ ለቀቀችው። አባባ ጓሮ ሆነው እንጨት ሲጠርቡ ስለነበር ፎቶው ውስጥ የሉም። እኔ እጄ ጭቃ ነበርና ስልኬን ያየሁት ወደ ማታ ነው። ከደብረ ታቦርም ከአዲስ አበባም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል። ጅዳ ያለችው የኔነሽ የሚያለቅስ ፊት ደርድራለች። ቤታችን ፈርሶ ስላዩ ያዘኑልን መሰለኝና «አሜን፣ እናመሰግናለን፣ ከክረምት በፊት እንጨርሰዋለን» ብዬ መለስሁላቸው። ከዚያ በኋላ ግሩፑ ጸጥ አለ። እኔ ምን አውቄ!

አንተ ስትደውል «አባባስ?» አልኸኝ። «ደህና ናቸው፣ ምንም አልሆኑም» አልሁህ። «እውነቱን ንገሪኝ» አልህ። «እውነቴን ነው፣ አንተ ብቻ አትጨነቅ» አልሁህ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። በእኛ አገር አባቱ የሞተበትን የሩቅ ልጅ በስልክ ማን ያረዳል? ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ጎሕ ሲቀድ በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ፣ የጠየቀ ሁሉ የሚሰማው ያንኑ ነው፤ ደህና ናቸው፣ ምንም አልሆኑም፣ አትጨነቅ። እኔም ራሴ ለሰው ልጅ እንዲህ ብዬ አውቃለሁ። ታዲያ በእውነት ደህና ለሆነ ሰው ምን ይባላል? ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ለአያ ማሩ ደወልህ። እሱም ነገር አሳምራለሁ ብሎ «መሪጌታ ደህና ናቸው፣ አንተ ብቻ ጠንከር በል፤ ከተመቸህ ግን ብትመጣ ጥሩ ነው» አለህ። ኋላ «ምን ማለትህ ነው?» ብዬ ስጮህበት «ለደቦው ሰው አንሶን አልነበር? ጉልበት ያለው ልጅ ቢመጣ ብዬ ነው» አለኝ። አባባን ደጅ አቁሜ ፎቶ ላክሁልህ፤ «ይሄ የአምና የጥምቀት ነው፣ ጥምጣሙን አውቀዋለሁ» አልኸኝ። ሌላ ጥምጣም ከየት ላምጣ? በምስል እንዳናወራ ኔትወርኩ ፊታችንን ሳያሳይ ይቆረጣል። በመጨረሻ «እንግዲያው ድምፃቸውን አሰሚኝ» አልህ።

እዚህ ላይ ተያዝን። ድጓውን ትተህ ከጉባኤ ቤት ስትወጣ አባባ ምን ብለው እንደማሉ አንተም ታውቃለህ። «በእግሩ ወደ እኔ እስኪመጣ ድረስ ከአፌ ቃል አይሰማም» ብለው በታቦቱ ምለዋል። ስልኩን ሳስጠጋላቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ልጅዎ ሞተዋል ብሎ እያለቀሰ ነው እኮ!» ብላቸው፣ ዞር ብለው «አልሞትሁም በይው» አሉኝ። ብዬው የለም እንዴ አባባ! እማማ እግራቸው ሥር ወድቃ ለመነቻቸው። አንተ በስልኩ የሰማኸው የእኔን ልመናና የእሷን ለቅሶ ብቻ ነው። ያንን የሰማ ልጅ ምን ይበል? አልፈርድብህም። ስልክህ ተዘጋ፣ ከግሩፑም ወጣህ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ነገር ለማን እንደምነግረው አላውቅም። ከወገዳ ዘመዶቻችን ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ከበሩ ጀምረው እያለቀሱ ሲገቡ አባባ ራሳቸው ተቀበሏቸው። የመጡበት መንገድ ከንቱ እንዳይሆን ብለው ጭቃ ሲረግጡልን ውለው ሄዱ። ጓሮው የተመረገው በእነሱ እግር ነው። እማማ ደግሞ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው የአባባን መተንፈስ ሆኗል። በሕይወት ያለ ሰው ሲለቀስለት ገድ የለውም ብላ ጠበል አስጠመቀቻቸው። እሳቸውም እንዳይጣሏት ብለው ተጠመቁ።

እዚያው ጂንካ የሚሠራው የሰፈራችን ልጅ ደምሌም እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ቤቱ እንኳ ሳይገባ «ወይኔ መሪጌታ!» እያለ ግቢያችን ደረሰ። አባባ እስከ ክንዳቸው ጭቃ ሆነው ከጓሮ ብቅ አሉና «ማን ሞቶ ነው?» አሉት። ልጁ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ውኃ አጠጣነው። ያለህበትን ሁኔታ የነገረን እሱ ነው፤ ራስህን ተላጭተህ፣ ጥቁር ለብሰህ፣ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተህ ለቅሶ ተቀምጠሃል አለን። የማታውቃቸው የሰፈሩ ሰዎች እንኳ ሳይቀሩ እየመጡ ያስተዛዝኑሃል አለ። አብሮህ በሚኖረው ልጅ ስልክ ደውሎ «በዓይኔ አየኋቸው» ቢልህ «አንተንም አስጠኑህ?» አልኸው። እኔ ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ሳልጨርሰው ደግሞ አለቀስሁ። በቁማቸው እንዲህ የምታለቅስላቸውን አባት ምነው አንድ ቀን መጥተህ ባየሃቸው?

አባባ «ተላጨ?» ብለው አንድ ጊዜ ጠየቁ። የዚያን ቀን ምሳ አልበሉም።

እንግዲህ ደምሌ ተመላሽ ስለሆነ ይህን ወረቀት ይዞልህ ይመጣል። ማለዳ በርህን እንዳያንኳኳ፣ ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ ብቻውን እንዲገባ አስጠንቅቄዋለሁ። ጽሕፈቱም የእኔ ነው፣ ታውቀዋለህ። ካላመንኸኝ ሌላ የማደርገው የለኝም፤ በእውነት ጨንቆኛል።

እማማ አበራሽ ዓይንህን ስማ ሰላም ብላሃለች፤ የቆላው ፀሐይ አያግኝህ፣ ምግብህን አትተው ትላለች። ክንዱ ሰላም ብሎሃል፤ ለሚቀጥለው ምርጊት ድረስልን ይላል። ልጄ ተስፋሁን ጉልበትህን ይስማል። ትርሲት ይቅርታ በይልኝ ብላ ሁለት ቀን እኛ ቤት ውኃ ቀድታለች፤ እባክህ ይቅር በላት። አያ ማሩም ሰላም ብሎሃል፤ ድንኳኑን ነቅሎ ወስዷል፣ ከእንግዲህ ለሥራ አላውስም እያለ ነው።

አባባም ሰላም ብለውሃል ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ፤ አላሉማ። ወጥቼ «ከእርስዎ ምን ልበል?» አልኋቸው። እጃቸውን ታጥበው ሲያደርቁ ቆዩና «ምንም አትጻፊ፣ እኔው እሄዳለሁ» አሉኝ። እማማ ጮኸች። እኔም «መንገዱ እንዲህ ሆኖ፣ በዚህ ዕድሜዎ፣ ከጎንደር ወዲያ አይተው የማያውቁትን አገር!» አልሁ። አልሰሙንም። «መሐላዎስ?» ስላቸው «ወደ እኔ ይምጣ ነው ያልሁት፤ የት ሆኜ እንደምጠብቀው አልማልሁም» አሉ። ይህን ያህል ጊዜ ይህን ሲያስቡ ነበር ወይስ አሁን መጣላቸው፣ እኔ ሊገባኝ አልቻለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ደምሌ ጂንካ የመጣው ብቻውን አይደለም። ይህን ስታነብ አባባ ከመናኸሪያው አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ተቀምጠዋል። አንተ ቀድመህ ካልሄድህ ከዚያ አይነሡም፤ ቀድመህ ካልተናገርህም አይናገሩም፤ እልኸኛነታቸውን ታውቃለህ። ከደብረ ታቦር ወዲያ መኪናው ያማቸዋልና ደክሟቸው ይሆናል። ተነሥ፣ ሂድ። በማያውቁት አገር ናቸው፤ አታስጠብቃቸው።

እህትህ እሌኒ ቀለመ ወርቅ
ቤተ ልሔም፣ ጋይንት
የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.