ማግኔት ይዘው የብየዳ ሽቦ ለመረጡልን ኃላፊ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የግዢና ንብረት ክፍል ኃላፊ፦

በቅድሚያ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሁለቱ እጆችዎ እንዴት ሰነበቱ? እጆችዎን ለይቼ የጠየቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የልብስ ማጠቢያ ክፍል ባልደረባችን ግራ እጇን እንፋሎት አቃጥሏት፣ አንሶላውን ታጥብለት በነበረው በዚሁ ሆስፒታል ከተኛች ሁለተኛ ሳምንቷን ይዛለች፤ ከዚያ ወዲህ ደህና እጅ ያለው ሰው ሳይ ደስ ይለኛል።

እኔ ከቢሮዎ ሕንፃ ጀርባ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቤት የምሠራ ሁለተኛ በያጅ ነኝ። ሥራዬን በጭምብል ስለምሠራ ፊቴን ላያውቁት ይችላሉ። ይህን ደብዳቤ በሠራተኞች መመገቢያ ክፍል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት በጽሕፈት ቤትዎ በኩል የላክኳቸውን ሦስት ደብዳቤዎች ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሏቸው ነው። ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ሁላችንም ጋሽ ዝምታ የምንላቸውን አንደኛ በያጃችንን «ጥንቃቄ በጎደለው ብየዳ» ከሥራ ለማሰናበት ይወስናል። ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገሉና እኔንም ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ቅጽል ስማቸው እንደሚናገረው ኮሚቴው ፊት ቀርበው ለራሳቸው አይከራከሩም፤ እኔ ደግሞ ዝም የማለት ጸጋ አልተሰጠኝም።

አንደኛ፣ ስለ ሽቦው አመሰግናለሁ። ከቦይለሩ የሚመጣው የእንፋሎት ቧንቧ ጥቁር ብረት፣ የልብስ ማጠቢያው ታንከር ደግሞ የማይዝግ ብረት መሆኑን ምናልባት ሰምተው ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ጠባያቸው አይገጥምም፤ በተራ ሽቦ ቢበየዱ ለጊዜው ያማሩ ይመስሉና ሲሞቁና ሲቀዘቅዙ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ስለዚህም ሁለቱን ለማስታረቅ ተብሎ የተሠራ፣ ራሱም የማይዝግ የሆነ ልዩ ሽቦ አለ፤ ቁጥሩም በማሸጊያው ላይ ተጽፎ ይመጣል። ጋሽ ዝምታ ያንኑ ቁጥር በመጠየቂያ ቅጹ ላይ በእጃቸው ጽፈው ሁለት ጊዜ አሰመሩበት፤ አቅራቢውም የተጠየቀውን አመጣ። እስከዚህ ድረስ አንድም ስህተት ስላልነበረ የእርስዎ አመራር እንደጎደለን ወዲያው ታወቀ።

ሁለተኛ፣ ስለ ማግኔቱ። እርስዎ የሚመሩት የዕቃ ርክክብ ኮሚቴ፣ ከማቀዝቀዣ በር ላይ የተነሳች አበባ የተሳለባት ማግኔት ይዞ ወደ መጋዘን ወረደ። ማግኔቷ አሮጌውን ተራ ሽቦ እንቅ አድርጋ ያዘችው፤ አዲሱን ግን አልያዘችውም፤ እንዲህ ያለውን የማይዝግ ብረት ማግኔት አይስበውምና። ኮሚቴው በቃለ ጉባኤው ላይ «የቀረበው ሽቦ ብረት አለመሆኑ በማግኔት ስለተረጋገጠ ለአቅራቢው ይመለስ» ብሎ ጻፈ። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ከማንበቤ የተነሳ በቃሌ ይዤዋለሁ። በምትኩ መዳብ የተቀባ ተራ ሽቦ ተገዛልን። እርስዎ ጥቅሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አገላብጠው ካዩት በኋላ «ሽቦ ማለት እንዲህ ነው» እንዳሉ የመጋዘን ሠራተኛዋ ነግራኛለች።

ሦስተኛ፣ ስለ ትእዛዝዎ። ጋሽ ዝምታ ሽቦውን ሁለት ጊዜ መልሰው «በዚህ ሁለቱን ብረቶች አልበይድም፤ ይሰነጠቃል» ብለው ጻፉልዎ፤ ለእሳቸው ይህ ረጅም ንግግር ነው። እርስዎም ጊዜዎን ሰውተው፣ ሽቦ ሽቦ መሆኑንና ሥራው በሦስት ቀን ካልተጠናቀቀ ሥራ እንደማደናቀፍ እንደሚቆጠር በማኅተም አስደግፈው መለሱላቸው። እሳቸውም በየዱት። እዚህ ላይ መቀለዱን ልተወው፤ ሦስተኛ ጊዜም እምቢ ማለት ነበረባቸው፣ ቧንቧውን ደግፌ የያዝኩላቸው እኔም እንዲሁ፤ እጇ የተቃጠለውን እህታችንን ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር አንጀቴን የሚበላኝ ይኸው ነው። ጋሽ ዝምታ ሥራቸውን ሲጨርሱ ታንከሩ ላይ በጠመኔ «አትቅረቡ» ብለው ጽፈው ነበር፤ ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሎ በክፍልዎ ትእዛዝ ተወለወለ። በዘጠነኛው ቀን እሷ ከታንከሩ አጠገብ ቆማ አንሶላ ስታጥፍ መጋጠሚያው ተሰነጠቀ።

አራተኛ፣ መርማሪዎቹ ማን በየደው ብለው ጠየቁ፤ በምን በየደው ብሎ የጠየቀ ግን የለም። የጋሽ ዝምታ ሁለት ደብዳቤዎችም ከፋይሉ ውስጥ እግር አውጥተው ሄደዋል። ደግነቱ ሰውዬው የሚጽፉትን ሁሉ ቅጂ የሚያስቀሩ ናቸው፤ የእርስዎ መልስም ከነማኅተሙ እጄ ላይ ይገኛል። ማኅተሙን እንዲህ አጥርተው ስለመቱልን ከልብ አመሰግናለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐሙስ ያንን ቃለ ጉባኤ ይዘው ይምጡና ሽቦውን የመረጥኩትም፣ በግድ ያስበየድኩትም እኔ ነኝ ይበሉ። እኚያ ሰው መሣሪያቸውን አስረክበው በዚያ በር አንገታቸውን ደፍተው እንዲወጡ አልፈልግም።

ለአበባማዋ ማግኔትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ከመጋዘናችን የራቀ ሹመት እየተመኘሁ፣ ጭምብሌን አውልቄ እስከ መሬት ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

በጥገና ክፍል ሁለተኛ በያጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከቢሮዎ በረንዳ ጠርዝ፣ በስልክ ሲነጋገሩ የሚደገፉት የሚያብረቀርቅ የማይዝግ ብረት መከለያ አለ። እግሮቹ ጥቁር ብረት ናቸው፤ ባለፈው ወር በትእዛዝዎ፣ በመረጡልን ሽቦ የበየድኩት እኔ ነኝ። አደጋው በደረሰ ማግስት ሰው እንዳይወድቅ ብዬ በገመድ አጥሬ «አይደገፉ» የሚል ጽሑፍ ሰቅዬበታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ተጠግተው እንደሚያወሩ ከታች ሆኜ አያለሁ። ሽቦ ሽቦ ከሆነ ገመዱን ይፍቱትና እንደ ልማድዎ ይደገፉ፤ ካልሆነ ግን ለምን እንደማይደገፉት ሐሙስ ለኮሚቴው ይንገሩልን።