ዝናሽ ሆይ፣ ወንበርሽን አስመልሻለሁ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ለእህቴ ለዝናሽ፤ አማን፣ ዮርዳኖስ።

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? ክረምቱን ያስቸገረሽ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የምታሳድጊያቸው መንትዮችስ እንዴት ናቸው፤ አሁንም ሌሊት ሌሊት ያስነሱሻል? የእመቤትሽስ አመል እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የኮሶዬው ገብስ ዘንድሮ ሸጋ ሆኗል፤ ውርጩ ብቻ እንዳይመታው ነው የምንሰጋው። እኔም እዚሁ ጎንደር የነገሥታቱ ግንብ እድሳት ላይ ድንጋይ እየጠረብሁ እውላለሁ። የከፋ ነገር የለም።

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው እንዳትይ። በስልክማ ሰው ሁሉ እየተሻማ ሲያወራ ቁም ነገሩ መሀል ላይ ይቀራል፤ ባለፈውም ነገር የተበላሸው በዚሁ ነው። የጎረቤታችን የአያ የሻው ልጅ ኤሌኒ ዕረፍቷን ጨርሳ ሰኞ ወደ አማን ስለምትመለስ ደብዳቤውን በእጇ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

በመስከረም መጨረሻ ስትደውይ ያልሽው ሁሉ ትዝ ይለኛል። የሚካኤል ማኅበርተኞችሽ ለኅዳር ሚካኤል ሚኒባስ ተከራይተው፣ በበረሃ መካከል ከዓለት ተፈልፍላ የተሠራችውን ጥንታዊ ከተማ ፔትራን አይተው በዚያው ዕለት ሊመለሱ ነው፤ እመቤትሽም በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን ፈቅዳልሻለች። እየሳቅሽ ነበር የምታወሪው። እንዲያ ስትስቂ ከሰማሁሽ ስንት ጊዜዬ ነው! ግን በረሃ የሚለው ቃል ከአፍሽ እንደወጣ እናታችን ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

ለምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ያንቺ ታላቅ፣ የእኔ ታናሽ መልካሙ በመተማ ወጥቶ፣ ከሱዳን ወደ ሊቢያ ሲሻገር በረሃ ውስጥ ከቀረ ስድስት ዓመት ሆነው። ሬሳው አልመጣ፣ የቀበረው ሰው አልተገኘ፣ እሷም ሞቷል ብላ አላለቀሰች። በረሃ ለእሷ አንድ ብቻ ነው፤ ሊቢያ ይሁን ዮርዳኖስ አትለይም። እናም ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ ለማርያም ስለት ተሳለች፦ ዝናሽ በረሃ ሳትረግጥ በሰላም ከተመለሰችልኝ ጃንጥላ አገባለሁ አለች። አንቺም እሺ ብለሽ ዘጋሽው። በማግስቱ የሚኒባስ ወንበርሽን ለሌላ ሰው ሰጠሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ባንቺም ተናድጃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት ስትጠርጊ፣ የሰው ልጅ ስታዝይ አንድ ቀን ለራሴ ብለሽ አታውቂም። ያችን አንዲት ቀን ለስለት አልሰጥብሽም ብዬ ተነሣሁ።

በመጀመሪያ የነፍስ አባታችን ቄስ ሐብተ ማርያም ዘንድ ሄድሁ። ስለቱን ይፍቱልኝ አልኋቸው። እሳቸውም፣ እኔ ፈታሁት ብል የእናትህ ልብ አይፈታም፤ ልጅቱ በሄደች ዕለት እህል ሳትቀምስ ትውላለች፤ የተሳለችው በአፏ ነውና በአፏ ትለውጠው አሉኝ። ሐቅ ነው። ግን እናታችንን በአፍ ማሸነፍ ለማን ተችሎት ያውቃል? ሦስት ቀን ሙሉ ለመንኋት፣ ተቆጣኋት፣ አኮረፍኋት። እሷ ባቄላዋን ትፈለፍላለች።

በመጨረሻ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን፣ ዐይንሽን ሐኪም ይየው ብዬ ጎንደር አመጣኋት። ዋሸሁ፤ ለቄሱም ተናዝዣለሁ። ማኪናው እንዳወረደን ይዣት ወደ ግንቡ ሄድሁ። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቅቤና ገብስ ልትሸጥ በዚያ አጥር ሥር ስንት ጊዜ እንዳለፈች እግዜር ይወቀው፣ አንድም ቀን ግን ገብታ አታውቅም። ከበሩ ስትደርስ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? መቃኑን ተሳልማ ጫማዋን አወለቀች! እምዬ፣ ቤተ ክርስቲያን እኮ አይደለም ብላት፣ ነገሥታት የኖሩበት አይደለም ወይ ብላ ተቆጣችኝ። ጫማዋን ይዤ በባዶ እግሯ አስጎበኘኋት። ጥበቃዎቹም ፈረንጆቹም ፈገግ እያሉ ያዩናል።

እኔ የጠረብሁትን ድንጋይ አሳየኋት። በመዳፏ ደጋግማ ዳሰሰችው። ምነው ይህን ሳታሳየኝ ኖርህ ብላ ወቀሰችኝ። ያን ጊዜ ስልኬን አውጥቼ የፔትራን ፎቶ ሰጠኋት። ያ ሁሉ የሕንፃ ግንባር፣ ያ ሁሉ ዓምድ ከአንድ ተራራ የተፈለፈለ መሆኑን አስረዳኋት። ማን ጠረበው አለችኝ። የበረሃ ሰዎች አልኋት። ታዲያ ውኃ ከየት ጠጡ አለች፤ ገበሬ አይደለች፣ ነገር የሚገባት በውኃ ነው። ዓለቱን በመሮ ቦይ አውጥተው ከሩቅ ምንጭ እንደሳቡት፣ የዝናቡንም እንዳጠራቀሙት ነገርኋት። እንግዲያ ሰው ወልዶ የሚያሳድግበት በረሃም አለ በለኛ አለች። ከዚያ ወለቃን አልፈን ኮሶዬ እስክንደርስ ስልኬን አልመለሰችልኝም።

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ሐብተ ማርያም ፊት ስለቷን ለወጠችው። ዝናሽ በረሃውን ረግጣ በሰላም ከወጣችልኝ ጃንጥላውን አገባለሁ ብላለች። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ከዚያ ሳላስፈቅድሽ ከኤሌኒ ቁጥር ተቀብዬ ለማኅበሩ ሙሴ፣ ለሰብሳቢዋ ለብርነሽ ደወልሁ። ሞልቷል አለች። በማግስቱም ደወልሁ፣ በሦስተኛውም ቀን ደወልሁ። ሲሰለቻት ከሹፌሩ ኋላ ያለውን፣ ምግቡን ሊያስቀምጡበት የነበረውን ወንበር ለቀቀችልሽ፤ ድስቱን እግርሽ ሥር ይዘሽ ትሄጃለሽ። ያው ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው፣ የሚፈስ ቅቤ የለም።

እንግዲህ ትሄጃለሽ። ምክንያት አልሰማም። ጥላሽንና ውኃሽን ያዢ፣ ያረጀ ጫማ አድርጊ፣ ከጓደኞችሽ አትለዪ። በአህያ ላይ ውጪ ይሉሻል አሉ፤ የወገብሽን ነገር አስቢና በእግርሽ ሂጂ። አንድ ነገር ብቻ እይልኝ፦ የመሮው ምልክት ከላይ ወደ ታች ነው ወይስ ከታች ወደ ላይ? አብሮኝ የሚሠራው ወንዴ ከታች ጀምረው ነው ብሎ ድርቅ ብሏል፤ እኔ ደግሞ ከላይ ነው ብያለሁ፤ በዚህ ነገር ሁለት ቀን ተኳርፈናል። ፎቶም አንሺ፤ ግን ድንጋዩን ብቻ እንዳትልኪ፣ አንቺም ግቢበት። ፊትሽን ማየት አምሮናል።

ባለቤቴ ፋሲካ ሰላም ብላሻለች፤ ስትመጪ ብላ ጥበብ እያሠራችልሽ ነው። ልጄ መዝሙር አክስቴን ግመል ላይ ተቀምጠሽ ፎቶ ተነሺልኝ በልልኝ ብላለች። አያ የሻው፣ ቄስ ሐብተ ማርያም፣ ወንዴም ሳይቀር ሰላም ብለውሻል። አንቺም ለብርነሽና ለማኅበርተኞችሽ ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

እናታችን ሐረገወይን ግን በወረቀት ሰላምታ አልልክም አለች። ስለቷን ለውጣ ስንመለስ መንገድ ላይ የነገረችኝን ልጻፍልሽ። መልካሙ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ለእሷ ኖሯል፤ እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈሰችም። ነገ በረሃ እንገባለን እምዬ፣ ስወጣ እደውላለሁ ነው ያላት። ስድስት ዓመት ሙሉ ስልኳን አጥፍታ የማታውቀው ለካ ለዚህ ነው። ስለዚህ ማምሻውን ሚኒባሱ ከበረሃው ሲወጣ ለእኔ አትደውይ። ለእሷ ደውይ። ሌላ ወሬ አትጀምሪ፣ ስለ ድንጋዩም አታውሪ። መጀመሪያ፣ እምዬ ወጣሁ በያት።

ወንድምሽ ውድነህ ሙሉሰው

ጎንደር፤ ጥቅምት ፳፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.