ማንም የማይሞትባቸው መጻሕፍት

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ፣ «ያንን መጽሐፍ ሁለቴ አንብቤ የወገቤ ሕመም ለቀቀኝ» አለቻት። ገበያው ጋ ወርጄ ከዶን ኤሊሴዎ መጽሐፍ መደብር ገዛሁት። እራት ሳይደርስ ጨረስኩት። ወገቤ እንደነበረ ነው። በእርግጥ ያነበብኩት አንዴ ብቻ ነው…

መጽሐፉ አይከፋም። ጥጥ የመሰለ በረዶ ይወርዳል። በእነዚህ መንፈሳዊ ልብ ወለዶች ውስጥ ሁሌም ይወርዳል፤ እኛ እዚህ ደጋ ከተማችን ሼላ ውስጥ ብርዱን እንጂ ጥጡን አይተን አናውቅም። ባል የሞተባት ሴት ከማታውቃት አክስቷ ዳቦ ቤት ትወርሳለች። ጎረቤቷ አናጺ ነው። የእሱ ሚስት ታሪኩ ሳይጀመር ሞታ ደራሲዋን ከብዙ ጣጣ ገላግላታለች። እስከ ሠርጉ ድረስ እጅ ከመያያዝ አያልፉም። ውሻም አለ። ከሁሉም የበሰለ መንፈሳዊ ሕይወት ያለው ውሻው ነው።

እንዲህ የማሾፈው እዚህ ማስታወሻዬ ላይ ብቻ ነው። ሰው ፊት የቤተ ክርስቲያናችን ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ… ማለትም ከድራሙ ጀርባ ያሉት ሁለት መደርደሪያዎች። ፓስተር አብኔር የሾሙኝ ዕድሜዬን በሙሉ ሥነ ጽሑፍ ስላስተማርኩ ነው። ሌላ የፈለገም አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

ሬቤካ መጣች፤ የዴልፊና ልጅ። ግቢ ብላት እንቢ አለች፣ በር ላይ ቆመች። እናቷን ከዋና ከተማው ሆስፒታል አምጥታታለች። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርገው የለም፣ ቤቷ ትረፍ ብለዋል።

ዴልፊና… የልጅነት ጓደኛዬ። የዚህን ከተማ ግማሽ ተማሪ ዩኒፎርም የሰፋች ሴት። በሳምንት አንድ ልብ ወለድ ትጨርሳለች።

ሬቤካ የመጣችው ለመጽሐፍ ነበር። «ሴኞ፣ እባክዎ መጨረሻው ደስ የሚለውን ብቻ ይስጧት። ማንም የማይሞትበትን» አለችኝ። አስተማሪ ስለነበርኩ ያላስተማርኩትም ሁሉ ሴኞ ነው የሚለኝ። እሷን ግን አስተምሬያታለሁ። ያኔም ስትለምን ዓይኗን መሬት ላይ ትተክል ነበር።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፍ የማነበው ከመጨረሻው ነው። ይህን ያደረገን ተማሪ ስንት ጊዜ ተቆጥቻለሁ?

ሐሙስ፣ ሜይ 15

ምርመራው ቀጥሏል። በአንደኛው የእንጀራ አባት ይሞታል፤ ግን ማንም አይወደውም። አለፈ። በሌላው ፈረስ ይሞታል። ወደቀ። ዴልፊና ፈረስ ትወዳለች።

እሑድ፣ ሜይ 18

ዴልፊና በሬቤካ ተደግፋ አምልኮ መጣች። ሰላም ያላት ሁሉ «ተፈውሰሻል!» ይላታል። «አሜን» ትላለች። ከበሩ ወንበሯ ጋ እስክትደርስ ስንቴ እንደተፈወሰች እንጃ፤ ስትቀመጥ ትንፋሽ አጥሯት ነበር።

እኛ ጋ የበሽታን ስም መጥራት ለበሽታው ወንበር እንደመሳብ ነው። ሞትማ… እሱን የጠራ እምነት የጎደለው ነው።

ግን ሐቁን ልናገር። እነዚሁ ሴቶች በየተራ ቤቷን ይጠርጋሉ። አንዷ በየማለዳው የበቆሎ አጥሚት ይዛ ትመጣለች፣ አንዷ አንሶላዋን ታጥባለች። አፋቸው የማይደፍረውን እጃቸው ያውቀዋል። በዚህ አላሾፍም። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ማክሰኞ፣ ሜይ 27

ዴልፊና ጋ ሄድኩ። የሰጠኋትን መጽሐፍ መለሰችልኝ። እንዴት ነበር አልኳት።

«ዳነች» አለች።

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«ኢርማ፣ ሁሉም እኮ ነው የሚድኑት። መዳንማ እንዴት እንደሚሆን አሳይተውኛል፣ በቃኝ። እኔ የማላውቀው ሌላውን ነው።» ወደ ወጥ ቤቱ አየችና ድምጿን ቀነሰች። «የምትሞትበት የለሽም? በሥርዓት የምትሞት። ለልጇ ምን እንደምትል የሚያሳይ። ለሬቤካ አፌን ልከፍት ስል 'እማ፣ እንዲህ አይባልም' ብላ ትወጣለች። ከየት ነው የሚጀመረው? አንቺ የተማርሽ አይደለሽ እንዴ?»

እፈልጋለሁ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ዶን ኤሊሴዎን ጠየቅኩት። «የሚሞቱበት አይሸጥም፣ ሴኞ» አለኝ። አንዴ አምጥቶ ነበር አሉ፤ የገዙት ሁሉ መለሱለት። በምትኩ በሰባት ደረጃ ከሐዘን ወደ ደስታ የሚያወጣ ይዤ እንድሄድ ለመነኝ። ለመሞት ስንት ደረጃ እንደሆነ ግን መጽሐፉ አይልም።

የራሴን መደርደሪያ ፈተሽኩ። እዚያ የሚሞተው ብዙ ነው… በጥይት፣ በቅናት፣ በረሃብ፣ አንዳንዱም በረጅም ንግግር። ልጁ ወጥ ቤት ውስጥ ሾርባ እያሞቀችለት የሚሞት ግን አጣሁ። አርባ ዓመት ምን ነበር ያስተማርኩት?

እሑድ፣ ጁን 8

አገኘሁ! ከአሮጌ መዝሙር መጻሕፍት ስር። ሽፋን የለውም። አንዲት ልብስ አጣቢ ታማለች፤ አንዲት ልጅ አለቻት። በረዶ የለም፣ ወንዝ አለ። የመንደሩ ፓስተር ይመጣል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። ደራሲው ፓስተር ያውቃል።

ችግሩ… የመጨረሻውን ምዕራፍ አይጥ በልቶታል። ከየገጹ አናት ላይ ርዕሱን ገልብጬ ለዶን ኤሊሴዎ ሰጠሁት፤ ሙሉውን ከዋና ከተማው ያፈላልግልኛል። ዴልፊና ግን የምትጠብቅ አይመስለኝም። መጨረሻውን ሳላውቅ ልወስድላት ነው።

ረቡዕ፣ ጁን 11

ዓይኗ ስለሚደክም እኔ አነብላታለሁ። ሬቤካ እንዳትሰማ በሩን እንዘጋለን። ሁለት አሮጊቶች በራቸውን ዘግተው ነውር መጽሐፍ ሲያነቡ…

ሐሙስ፣ ጁን 19

ከሰዓት ዝናብ ነበር። የመጨረሻው የተረፈ ገጽ ላይ ደረስን። አጣቢዋ አልጋ ላይ ናት። «ልጇን ጠራቻትና» ይላል። ከዚያ የአይጥ ጥርስ ነው።

«ቀጥይ እንጂ» አለች ዴልፊና።

የለም አልኳት። ምን አለቻት አለች። አላውቅም አልኩ።

«ስታስተምሪ ኖረሽ አንድ ምዕራፍ ያቅትሻል?»

አቃተኝ። መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘጋሁት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ራሷ ጀመረች።

አጣቢዋ፣ አለች፣ ልጇን ስፌት መኪናውን አትሽጪው አለቻት። (ልብስ አጣቢ ስፌት መኪና ከየት አመጣች ብዬ አልጠየቅኩም።) ቁልፍ መትከል እንኳ አታውቂም፣ ግን ይቀመጥ። ሰማያዊውን ቀሚስ አልብሺኝ፤ ነጩ ነርስ ያስመስለኛል።

«ደግሞ እንዲህ አለቻት… ልጄ፣ ጸልየሻል። ጸሎትሽ አንሶ አይደለም የምሄደው። ማንም እንዲህ እንዲልሽ እንዳትፈቅጂ። አንቺም ለራስሽ እንዳትዪ።»

ቀና ስል በሩ ተከፍቷል። ሬቤካ ሾርባ ይዛ ቆማለች። መቼ እንደመጣች እንጃ፤ ሾርባው ላይ ስቡ ረግቶ ነበር።

ገባች። ሳህኑን አስቀመጠች። እናቷ እግር ስር ተቀመጠች።

«ልጅቷስ ምን አለቻት?» አለች።

መነጽሬን እንኳ ሳላነሳ ወጣሁ። በሩን ዘጋሁት። ኮሪደሩ ላይ ልቅሶ ሰማሁ፤ ቆይቶ ሳቅ። የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። ጃንጥላዬንም እዚያው ረስቼ በዝናብ ቤቴ ገባሁ። ተመስገን።

እሑድ፣ ጁን 29

ሬቤካ መነጽሬን አመጣችልኝ። መጽሐፍ አልጠየቀችም። ከእናቴ ጋር እያወራን ነው አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 12

ዴልፊና ንጋት ላይ ሄደች። እጇ በሬቤካ እጅ ውስጥ ነበር። ሰማያዊው ቀሚስ አምሮባታል።

ሰኞ፣ ጁላይ 14

ቀብር። ፓስተር አብኔር እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ፈውሷን ስትጠብቅ ነበር አሉ። ሬቤካ ተነሳች። ዓይኗን መሬት ላይ አልተከለችም። «ፓስተር፣ እናቴ እንደምትሞት ታውቅ ነበር። ነግራኛለች። ጸሎታችንም አላነሰም» አለች። አጥሚት የምታመጣው እህት አሜን አለች፣ ከዚያ ሁሉም።

ናፈቀችኝ። ግን ደግሞ… ይህን ሰምቼ እንዴት አላመሰግን?

ሐሙስ፣ ኦገስት 21

ያ አይጥ የበላው መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አይውልም። ወረፋ አለው። ያነበበችው ሁሉ ስትመልስልኝ በር ላይ ቆማ የራሷን መጨረሻ ትነግረኛለች፤ አንዷ ከእህቷ ጋር ከታረቀች በኋላ ነው የመጣችው። ፓስተር አብኔር ወስደው አቆዩት፣ ምንም ሳይሉ መለሱት። ከዚያ ወዲህ የታመመ ሊጠይቁ ሲሄዱ ይቀመጣሉ አሉ። ሳይበሉም።

እኔም መጽሐፍ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ጀምሬያለሁ። ይህን ሁሉ ያደረገው ስሙን የማላውቀው ደራሲ ነው፤ ሞትን ፊት ለፊት ለማየት የደፈረ። ባገኘው እጁን እስመው ነበር።

ዛሬ ዶን ኤሊሴዎ ሙሉውን ቅጂ ላከልኝ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ቆሜ አነበብኩት። አጣቢዋ ልጇን ጠራቻትና የምትበላው እንድታመጣላት ጠየቀቻት። በሳምንቱ ድና ወንዝ ወርዳ ልብስ አጠበች።