የእማዬ ድምፅ በባጃጅ ውስጥ

ይድረስ ለወንድሜ ለኸይሩ። አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ። እንዴት ሰነበትክ? ወገብህንስ ተሻለህ? የሻርጃ ሙቀት በረድ አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ቴፒ ዝናቡ አላባራ ብሎ አባዬ የተለቀመውን ቡና ሲሸፍንና ሲገልጥ ይውላል።

በስልክ ብነግርህ አፌን ታስይዘኛለህ ብዬ በወረቀት ጻፍኩልህ። ለእረፍት የመጣው ጓደኛህ ናስር ወደዚያ ሲመለስ በእጅህ ያስረክብልኛል።

ረመዳን ሊገባ ሲል «የእማዬ መንዙማ ናፈቀኝ» ብለህ ለመንከኝ። እማዬን ታውቃታለህ፤ ከሴቶች ጋር ካልሆነ ድምፅዋን አታወጣም። ስነግራት ብዙ አመነታች። በኋላ «ለልጄ ከሆነ ይሁን፤ ከሱ ጆሮ ግን እንዳያልፍ» ብላ በስልኬ አስቀዳችኝ። ይህንኑ ስነግርህ «ወላሂ አያልፍም» አልከኝ።

በላክህልኝ ላፕቶፕ ሳሎን ጥግ ቁጭ ብዬ ማቀነባበር ጀመርኩ። ጎረቤታችን በየነች ልጇን ስትድር የሸኮ ሰዎች የነፉትን የቀርከሃ ዋሽንት ቀድቼው ነበርና ከእማዬ ድምፅ ጋር ላዋህደው ፈለግኩ። መጀመሪያ አልስማማ አሉኝ፤ ዋሽንቱ ይሮጣል፣ እማዬ ትዘገያለች። ዋሽንቱን ዝግ አድርጌ፣ ከሥር ለስለስ ያለ የሬጌ ምት አስገብቼ፣ እማዬ ትንፋሽ በምትወስድበት ቦታ ሁሉ ዋሽንቱ እንዲቀበላት አደረግሁ። የገጠመልኝ ዕለት አለቀስኩ። ለእማዬ ሳሰማት «ምነው ከበሮ አበዛሽብኝ!» ብላ ሳቀች። አንተም «ቤቴ የገባሁ መሰለኝ» አልከኝ። ሌላ ምስጋና አልፈለግሁም።

ባለፈው እኔና እማዬ በባጃጅ ወደ ገበያ ስንወርድ ሾፌሩ ዘፈን ከፈተ። የእማዬ ድምፅ ነው! አፍጥነኸው፣ የጭፈራ ምት ጭነህበት። ልጁ በደስታ ራሱን እየነቀነቀ «እናቴ፣ ይሄን ዘፈን ሚዛን ከተማ ጭፈራ ቤት ሁሉ ነው የሚከፍቱት» አላት። እማዬ «አውርደኝ» አለችው። ጭቃው መሃል ወርዳ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወደ ቤት ተመለሰች። እኔም ከኋላዋ ተከተልኳት።

ቤት ገብቼ ብፈልገው በአንተ ቻናል አገኘሁት። ፎቶህ አለ፤ «ቅንብር፦ ዲጄ ኸይሩ» ይላል። የኔ ስም የለም። ስሜን ስለመተውህ እንኳ ይሁን ብዬ ነበር።

በማግሥቱ ግን እማዬ ካንተ ጋር አውርታ ስልኩን እንደዘጋች ጠራችኝ። «ወንድምሽ ሁሉን ነገረኝ። ለጓደኞችሽ አሰምተሽ ከነሱ እጅ ነው የወጣው አለኝ። ሐያት፣ አምኜሽ ነበር እኮ» አለችኝ። ኸይሩ፣ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር፤ የገባኝ ያን ቀን ነው። ከሥራው ላይ ስሜን አጥፍተህ ጥፋቱ ላይ ጻፍከው። ያውም ለእናቴ!

መማል አልፈለግሁም። ቻናልህን ከፍቼ የጻፍከውን አነበብኩላትና ስልኩን ሰጠኋት። ፎቶህን ትኩር ብላ ስታይ ቆየችና «ከስቷል» አለች። ከዚያ እጄን ይዛ «አፉ በይኝ፣ ልጄ» አለችኝ። እሷ አፉ በይኝ ማለት አልነበረባትም። ሐሙስ ዕለት ሴቶቹ ለመንዙማ ሲሰበሰቡ ጉሮሮዬን አሞኛል ብላ ቀረች፤ ጉሮሮዋን ግን ምንም አላመማትም።

አሁን የምልህ አጭር ነው። ዘፈኑን ከቻናልህ አንሣው። የወጣው ሁሉ እንደማይመለስ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንሣው። ለእማዬም ራስህ ደውለህ እውነቱን ንገራት፤ በኔ አፍ አይሆንም። እኔ ማቀነባበሬን አልተውም፤ ለአንተ ግን ከእንግዲህ አልክም።

አባዬን በጣም ናፍቀኸዋል፤ ነገሩን አልነገርነውም። ታናሻችን ካሊድ ፈተናውን አለፈ፣ ንገሪልኝ ብሎኛል። አክስታችን ጣይባ ዱዓ እያደረገችልህ ነው። በየነችም «ያ ልጅ መቼ ነው የሚመጣው?» እያለች ትጠይቃለች። እማዬን «ምን ልበልልሽ?» አልኳት። ቡናውን መልቀሟን ሳታቆም «የኔን ሰላምታ ራሱ ሲደውል ይቀበለኛል» አለችኝ።

እህትህ ሐያት
ቴፒ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.